«ስድስት እሴቶች ጽፈናል፤ ምን ይቀረናል?» ለአዲስ ፓርቲ መሥራቾች የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ያለን 30 ያህል መምህራን፣ ነጋዴዎችና የግብርና ባለሙያዎች አዲስ ፓርቲ ልንመሠርት ተሰባስበናል። በፕሮግራማችን መጀመሪያ ገጽ ላይ ዲሞክራሲ፣ ነፃነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነትና መቻቻል የሚሉ ስድስት እሴቶች አስፍረናል። ግማሾቻችን የጎጃም ፓርቲ ይሁን እንላለን፣ ግማሾቻችን አገር አቀፍ ይሁን እንላለን። አባላትን በእድርና በጽዋ ማኅበር በኩል ልንመዘግብ አስበናል። ጊዜያዊ ኮሚቴ መርጠናል፤ ሰብሳቢያችን በአገሩ የተከበሩ ሽማግሌ ስለሆኑ አለመግባባት ሲነሣ በእሳቸው ሽምግልና እንጨርሰዋለን። ከዚህ በኋላ ምን ይቀረናል?»

ብዙ ይቀራችኋል። በቅድሚያ የሚቀራችሁ ግን እንደምታስቡት ፊርማ መሰብሰብ አይደለም። የጻፋችኋቸው ስድስት ቃላት ገና እሴት አልሆኑም። እነዚሁ ቃላት በአገራችን ባሉ ብዙ ፓርቲዎች ፕሮግራም ላይ ይገኛሉ። በደርግ ዘመን የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ እንኳ በስሟ ውስጥ «ዲሞክራሲያዊ» የሚል ቃል ነበራት፤ ያው ሕገ መንግሥቷ ግን ለአንድ ፓርቲ ብቻ የመሪነት ቦታ ሰጥቶ ነበር። ቃሉ ማንንም አላሰረም። አንድ እሴት የእናንተ መሆኑን የምታውቁት «ይህ ቃል የራሳችንን ሰብሳቢ ምን እንዳያደርግ ይከለክለዋል?» ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱን በመተዳደሪያ ደንባችሁ በአንቀጽ ቁጥር መጥቀስ ስትችሉ ነው። አንቀጽ የሌለው እሴት ከግድግዳ ላይ ጥቅስ አይለይም።

እዚህ ላይ ብዙ መሥራቾች ሁለት ሰነዶችን ያምታታሉ። ፕሮግራም ማለት ሥልጣን ብትይዙ ለአገሩ የምታደርጉት ነው፤ የማዳበሪያ ዋጋ፣ የመሬት ይዞታ፣ ትምህርት፣ ግብር ሁሉ እዚያ ይገባል። መተዳደሪያ ደንብ ደግሞ ሥልጣን ሳትይዙ፣ ዛሬ፣ በመካከላችሁ የምትተዳደሩበት ነው። ሕዝብ ፕሮግራማችሁን የሚፈትነው ምናልባት ከዓመታት በኋላ ይሆናል፤ ደንባችሁን ግን አባላችሁ በሁለተኛው ስብሰባ ይፈትነዋል። ስለዚህ እሴቶቹን ከፕሮግራሙ መግቢያ አውጥታችሁ አንድ በአንድ ወደ ደንቡ አውርዷቸው። ሌላም ነገር አለ። የቅኔው አገር ሰዎች ስለሆናችሁ ሰምና ወርቅ ይጥማችኋል፤ ደንብ ላይ ግን ወርቅ አትደብቁ። ሁለት ትርጉም ያለው አንቀጽ ሰው ሲጣላ ለሁለቱም ወገን ጦር ይሆናል። «እንደ አስፈላጊነቱ»፣ «በአመቺ ጊዜ»፣ «ከበቂ ምክክር በኋላ» የሚሉትን ሐረጎች ፈልጋችሁ በቀንና በቁጥር ተኩ።

ከስድስቱ አከራካሪው እኩልነት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። በጎጃም ገጠር ስለ እኩልነት የሚናገር ፓርቲ የ1989ኙን የመሬት ሽግሽግ የሚያስታውስ ገበሬ ፊት እንደሚቆም ይወቅ። ያኔ «ቢሮክራት» (በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ሥልጣን የነበረው) ወይም «የፊውዳል ርዝራዥ» የተባለ ሰው ይዞታው ወደ 1 ሄክታር እንዲወርድ ሲደረግ፣ ስያሜው ያልደረሰበት ጎረቤቱ እስከ 3 ሄክታር ሊይዝ ይችል ነበር። ሰውየው ያጣው በተረጋገጠ ጥፋት ሳይሆን በተለጠፈበት ስም ነው። ከዚህ የምትወስዱት ትምህርት በዲሲፕሊን አንቀጻችሁ ውስጥ ይገባል፦ ማንም አባል «ሰርጎ ገብ»፣ «ባንዳ»፣ «ተላላኪ» በሚል ስያሜ አይከሰስም። ክስ የሚቀርበው የተፈጸመውን ድርጊት፣ ቀኑን እና የተጣሰውን አንቀጽ ጠቅሶ በጽሑፍ ብቻ ነው። ተከሳሹ ክሱ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል፤ ከሳሹ በውሳኔው ላይ አይቀመጥም፤ ይግባኙ ለጠቅላላ ጉባኤ ነው። አባል የማባረር ሥልጣን ለሥራ አስፈጻሚው ከተሰጠ፣ በአመራሩ መካከል በሚነሣው የመጀመሪያ ጠብ ብዙኃኑ አናሳውን ያባርራል፤ የተባረሩትም በዚያው ስም ሌላ ማኅተም ያስቀርጻሉ። በአገራችን ብዙ ፓርቲዎች ለሁለት የተሰነጠቁት እንዲህ ነው፤ የርዕዮተ ዓለም ልዩነት የሚባለው ብዙ ጊዜ ከስንጥቁ በኋላ የሚፈለግ ምክንያት ነው።

እኩልነት ሌላም ፈተና አለው፤ ይህኛው ከእናንተው ቤት ውስጥ ነው። ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ በጣና ዳር የሚኖረው የወይጦ ማኅበረሰብ አባል የወረዳ ሰብሳቢያችሁ ሆኖ ቢመረጥ አባሎቻችሁ ቤቱ ሄደው እንጀራ ይበሉ ይሆን? መልሱ «አዎ» ከሆነ የመሥራች ዝርዝራችሁ ላይ ይታያል፤ ካልታየ አንቀጹ ገና ወረቀት ነው። እንጅባራና ዳንግላ ስትሄዱ ደግሞ አዊኛ ተናጋሪው ደንቡን በቋንቋው ማግኘት አለበት፤ አማርኛ ይችላል ብሎ ማለፍ ጨዋነት አይደለም። ሴቶችን በሚመለከት «ይበረታታሉ» የሚለው ቃል ምንም አያደርግም። ከጉባኤ ተወካዮች ቢያንስ ሲሶው ሴቶች ካልሆኑ ምልአተ ጉባኤ እንዳልተሟላ ይቆጠራል ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ ሲሆን ወንዶቹ ራሳቸው እየዞሩ ሴቶችን ይመዘግባሉ፤ ስብሰባውንም ሴቶች ወደ ገበያ በሚወጡበት ቀን አይጠሩም።

ዲሞክራሲን ስትጽፉ ከ«ጊዜያዊ ኮሚቴ» ጀምሩ፤ አደጋው ያለው እዚያ ነውና። ማብቂያ ቀን ያልተቆረጠለት ጊዜያዊ ኮሚቴ ቋሚ ይሆናል። ዛሬውኑ በቃለ ጉባኤ «ኮሚቴው በስድስት ወር ውስጥ የመሥራች ጉባኤ ካልጠራ ያለ ተጨማሪ ውሳኔ ይፈርሳል፤ ሰነዱንና ገንዘቡን ለኦዲት ኮሚቴው ያስረክባል» ብላችሁ ወስኑ። አመራር በምስጢር ድምፅ ይመረጥ። እጅ በማውጣት የሚመረጥ መሪ ባለበት አዳራሽ ባለዕዳው አበዳሪውን፣ ተማሪው መምህሩን እያየ እጁን ያነሣል። አንድ ሰው በአንድ የኃላፊነት ቦታ ከሁለት ዘመን በላይ አይቆይ። የፓርቲውን ድርጅታዊ ሥራ የሚመራውን ሊቀ መንበርና ለምርጫ በመሪነት የሚቀርበውን ሰው መለየትም ይቻላል፤ በ2011 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ ፓርቲ (ኢዜማ) ሊቀ መንበርና መሪ የሚሉ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይዞ ነው የተነሣው። በትንሽ ፓርቲ ውስጥ ይህ ሰው ማባከን ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን መሪው ሲታመም፣ ሲታሰር ወይም ሲኮበልል ማኅተሙ አብሮት አለመሄዱ ነው።

አሁን ስለ ሽምግልናው። ሰብሳቢያችሁን ማክበራችሁ ተገቢ ነው፤ ሽምግልና ግን የዲሞክራሲ ምትክ አይሆንም። ሽማግሌ የሚፈልገው እርቅ ነው፤ የተጣሉት ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ትተው፣ ማን እንዳጠፋ ሳይዘረዘር፣ ነገሩ በምርቃት ይዘጋል። ለጋብቻና ለደም ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። የፓርቲ ሒሳብ ሲጎድል ግን «ይቅር ለእግዚአብሔር» የአባላትን መዋጮ አይመልስም። ድምፅ ሲሰጥም የተሸነፈው ሐሳብ ተሸንፎ፣ በቃለ ጉባኤ በቁጥር ተመዝግቦ፣ በሚቀጥለው ጉባኤ እንደገና የመነሣት መብት አለው፤ ሽምግልና እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም። ስለዚህ ለይታችሁ አስቀምጡ፦ ስድብ፣ ቅያሜ፣ የግል ጠብ ወደ ሽማግሌ ይሂድ፤ ገንዘብ፣ ምርጫ፣ አባልነትና የደንብ ትርጉም ወደ ሽማግሌ አይሂድ። ሰብሳቢውም ሆነ የሥራ አስፈጻሚ አባል የዲሲፕሊንና የኦዲት ኮሚቴ አባል አይሁን። የተከበረ ሰው ክብሩ የሚጠበቀው ተቆጣጣሪ ሲኖረው ነው፤ ያለ ተቆጣጣሪ የያዘው ገንዘብ ባይጎድል እንኳ ሐሜት አያመልጠውም።

ነፃነትና ፍትሕ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የዲሲፕሊኑ አንቀጽ አብዛኛውን ይሸፍነዋል። የሚጨመረው አንድ ነገር ነው፦ አባል ጉባኤው የወሰነውን ውሳኔ ተቃውሞ በስሙ መጻፍና መናገር ይችላል፤ በፓርቲው ስም ግን አይችልም። ይህን መስመር ካላሰመራችሁ ፌስቡክ ላይ በተጻፈ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ስብሰባ ትጠራላችሁ።

አገር ወዳድነት በጎጃም ማስረዳት አይጠይቅም፤ የበላይ ዘለቀ አገር ነው። ነገር ግን በፓርቲ ደንብ ውስጥ ቃሉ ሌላውን መለኪያ ሲሆን አደገኛ ይሆናል፤ ማን ይበልጥ አገር እንደሚወድ የሚመዝን ኮሚቴ አይኖርምና። ትርጉሙን ወደ ሥራ አውርዱት፦ ግብር መክፈል፣ የሕዝብ ንብረት መጠበቅ፣ በምርጫ መሸነፍን መቀበል። መሸነፍን መቀበል ያልኩት ለይስሙላ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ በአንድ የምርጫ ክልል ከፍተኛውን ድምፅ ያገኘ የሚያሸንፍበት ነው። በየምርጫ ክልሉ ሁለተኛ የሚወጣ ፓርቲ ብዙ ሺህ ድምፅ ሰብስቦ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። አማራ ክልል ካሉት 138 መቀመጫዎች አንድም ሳታገኙ የምትቀሩበት ምርጫ ሊመጣ እንደሚችል አባሎቻችሁ ከአሁኑ ማወቅ አለባቸው። ያልተነገረው አባል በውጤቱ ማግስት ፓርቲውን ጥሎ ይሄዳል፤ ወይም የከፋ ነገር ያስባል።

የከፋው ነገር ምን እንደሆነ በጎጃም መንገር አያሻም። ሕጉ በጦር መሣሪያ የፖለቲካ ዓላማ ለማስፈጸም የሚንቀሳቀስን ወይም በዘርና በሃይማኖት ጥላቻ የሚቀሰቅስን ቡድን በፓርቲነት አይመዘግብም። ከዚህ በላይ ግን የራሳችሁ ግልጽ አንቀጽ ይኑራችሁ፦ አባል ሆኖ ከየትኛውም ወገን ታጣቂ ጋር በድርጅት የተሳሰረ ሰው አባልነቱ ይቋረጣል፤ በፓርቲው ስብሰባ መሣሪያ ይዞ አይገባም፤ መሣሪያ ከያዘ ሰው መዋጮ አይወሰድም። በጸጥታ ችግር መሰብሰብ በማይቻልበት ወረዳ ሰው ለማስፈረም አትጣደፉ። የአባላት ዝርዝር በሻንጣ ይዞ በኬላ ማለፍ የፈረመውን ሁሉ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ዝርዝሩ አንድ ቅጂ በተቆለፈ ቦታ፣ አንድ ቅጂ በሌላ ከተማ ይቀመጥ፤ በቴሌግራም ቡድን አይለጠፍ።

ስለ እድርና ጽዋ ማኅበር ያሰባችሁት ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ስህተት ነው። እድር ለፓርቲ ጥሩ አስተማሪ ነው። ባለጠጋውም ደሃውም እኩል ያዋጣል፤ ሬሳ ሲነሣ ለሁሉም እኩል ይቆማል። የቀረ ይቀጣል፣ ቅጣቱም በመዝገብ ይጻፋል። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ይህንን ቅዱ። እድሩን ራሱን ግን የምዝገባ ጣቢያ አታድርጉት። እድርተኛ የሆነ ሰው ዳኛው አስፈርሞት ሲፈርም የራሱን ፈቃድ ነው የሰጠው ወይስ ቀብሩን ነው የጠበቀው? አይታወቅም። ከዚያም በላይ ሌላ ፓርቲ የሚደግፈው ጎረቤት ከእድሩ ሊርቅ ይገደዳል፤ ለሃምሳ ዓመት የቆየ እድር በአንድ የምርጫ ሰሞን ሊፈርስ ይችላል። የጽዋ ማኅበሩ ደግሞ የሃይማኖት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ የፓርቲ ሕጉም ከሃይማኖት ድርጅት የገንዘብ ስጦታ መቀበልን ይከለክላል። ማኅበርተኛን እንደ ግለሰብ፣ በቤቱ ወይም በሥራ ቦታው አነጋግሩት፤ ጽዋው ፊት አይሆንም።

«የጎጃም ፓርቲ» ወይስ «አገር አቀፍ» ለሚለው ክርክራችሁ ሕጉ ከእናንተ በፊት መልስ ሰጥቶታል። በ2011 የወጣው የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162 የሚያውቀው አገር አቀፍና ክልላዊ ፓርቲን ነው። ክልላዊ ማለት ደግሞ ዛሬ ባለው አከላለል አማራ ክልል ነው፤ ጎጃም የሚባል ክልል የለም። ለክልላዊ ፓርቲ 4,000 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የክልሉ ነዋሪዎች መሆን አለባቸው። ለአገር አቀፍ 10,000 ያስፈልጋል፤ ከአንድ ክልል የሚመጡት ከ40 በመቶ አይበልጡም፤ ማለትም ከአማራ ክልል 4,000 ብታስፈርሙ ቢያንስ 6,000 ከሌሎች ክልሎች ማምጣት ይኖርባችኋል። ብዙዎችን የሚያሳስተው መተከል ነው። በቀድሞው ጎጃም ክፍለ አገር ሥር ስለነበር ፓዌ ወይም ማንዱራ የሚኖር ዘመድ «የእኛው ነው» ተብሎ ይጻፋል፤ ቆጠራው ላይ ግን የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነዋሪ ነው። የሚቆጠረው መኖሪያው እንጂ ትውልዱ አይደለም።

የምመክራችሁ በክልላዊ ፓርቲነት እንድትጀምሩ ነው። 30 ሰው ይዞ 10,000 ፊርማ መፈለግ ወደ ደላላ ይመራል፤ በነፍስ ወከፍ ሒሳብ ፊርማ የሚያመጣ ሰው ደግሞ ሐሰተኛ ፊርማም ያመጣል። ለ4,000 ግን ስሌቱ ይቻላል። ጉድለት ስለማይጠፋ 4,600 አስፈርሙ። ለ30 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 154 ያህል ነው፤ በሳምንት 12 ሰው ካነጋገረ በ13 ሳምንት ይጨርሳል። ለማስፈረም ከመውጣታችሁ በፊት ግን ከምርጫ ቦርድ ቅድመ ዕውቅና ውሰዱ። ቅድመ ዕውቅናው የሚያገለግለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ደንቡ አልቆ፣ ቅጹ ታትሞ፣ አስፈራሚዎቹ ሠልጥነው ካልተጠናቀቁ አታመልክቱ። ስማችሁና አርማችሁ ከተመዘገበ ፓርቲ ጋር እንዳይመሳሰል አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ፊርማ የሚወድቅባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። በአንድ እጅ የተጻፈ ተከታታይ ፊርማ፣ ባል ለሚስት የፈረመው፣ 18 ዓመት ያልሞላው፣ ቀበሌው ያልተሞላ፣ በሌላ ፓርቲ አባልነቱን ሳይለቅ የፈረመ። ዳኛ፣ ወታደርና ፖሊስ በሥራ ላይ እያሉ አባል መሆን አይችሉም፤ መምህር ግን ይችላል። መምህራኑ የሚጠነቀቁት ክፍል ውስጥ እንዳይቀሰቅሱና ተማሪያቸውን እንዳያስፈርሙ ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ደንቡ ተነቦለት፣ ምስክር ባለበት አሻራውን ያኑር። «ማዳበሪያ ይመጣል» ተብሎ የፈረመ ሰው ቦርዱ ሲጠይቀው ፓርቲውን አላውቀውም ይላል፤ እውነቱን ነው።

ገንዘብ ላይ አጭር ነኝ። 4,000 አባል በወር 10 ብር ቢያዋጣ 40,000 ብር ነው፤ ለቢሮ ኪራይና ለአንድ ጸሐፊ ደመወዝ መነሻ ይሆናል። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ የሚያንሰው ዕቅዳችሁ ነው። ከውጭ ዜጋ፣ ከውጭ መንግሥትና ምንጩ ካልታወቀ ሰው ምንም አትቀበሉ። ዲያስፖራ ያለ ዘመድ ሲልክ ዜግነቱን ጠይቁ፤ ፓስፖርቱን የቀየረ የአጎት ልጅም በሕግ ፊት የውጭ ዜጋ ነው። ገንዘቡ በፓርቲው የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ወጪ በጣምራ ፊርማ ብቻ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ገቢ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይቆረጥ። በሦስት ወር አንዴ ሒሳቡ በየወረዳው ይነበብ።

ስለ ምክክር አንድ ታሪክ ሳላነሣ አላልፍም፤ ለፕሮግራማችሁ ይጠቅማልና። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ተነሣ። ገበሬውን ያስፈራው የግብሩ መጠን ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ሲለካ ርስቴን ያሳጣኛል የሚል ሥጋት ነበር። ፓርላማ ነበር፤ ፓርቲ ግን አልነበረም። ሥጋቱን ወደ ላይ የሚያደርስለት መንገድ አጣ፤ ጦርና አውሮፕላን መጣበት። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ፤ ማለትም ገበሬው የጠየቀው ሊሰማ ይችል ነበር፣ ግን ሰው ከሞተ በኋላ። ፓርቲያችሁ የሚፈለገው ለዚህ ሥራ ከሆነ፣ በፕሮግራማችሁ ውስጥ መሬትን፣ ግብርንና ማዳበሪያን የሚመለከት እያንዳንዱ አንቀጽ ከመጽደቁ በፊት ቢያንስ በአምስት ቀበሌዎች ተነቦ አስተያየቱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ሁለቱ ከደጋ፣ ሁለቱ ከወይና ደጋ፣ አንዱ ከዓባይ ሸለቆ ቆላ ይሁን፤ የጮቄ ገበሬና የደጀን በረሃ ገበሬ አንድ ዓይነት ችግር የለባቸውም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በዚህ ወር የኮሚቴውን ማብቂያ ቀን ወስኑ። በሁለት ወር ውስጥ ደንቡን ጨርሱ፤ ከእናንተ መካከል በጣም የሚከራከሩትን ሁለት ሰዎች እያንዳንዱን አንቀጽ እንዲጥሱት፣ ቀዳዳ እንዲፈልጉበት መድቧቸው። ቀዳዳውን ሲያገኙ አትቆጧቸው። ከዚያ በኋላ አምስቱ ቀበሌዎች፣ ቅድመ ዕውቅና፣ ፊርማ፣ በመጨረሻም የቦርዱ ታዛቢ በተገኘበት የመሥራች ጉባኤ። በጉባኤው የሰብሳቢነት ምርጫ ላይ ከአንድ በላይ ዕጩ ካልቀረበ ምርጫውን አስተላልፉት።